አሥራ ዘጠነኛው ገጽ

ባለፈው ሳምንት በስሜ ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል ላስተካክል ከቤቴ ብዙም ከማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሰው አክባሪ ናት። ኮምፒዩተሯን እያየች፣ "እማማ፣ ፋይልዎ አዲስ አበባ ተቀይሯል፤ እኛ ጋ ግን ገና አሮጌው ነው የሚታየው" አለችኝ። "ታዲያ እዚያ መቀየሩን እዚህ ሆነሽ በምን ታውቂያለሽ?" አልኳት። ፈገግ ብላ፣ "ማሽኑ ራሱ በየጊዜው እየደወለ ይጠይቃል ይበሉት። ፋይሉ ስንት እንደሚያህል ያያል። ቁጥሩ ያው ከሆነ አልተቀየረም ብሎ ያልፋል" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ አመጡልኝ። ሰዎቹ "ሙቀቱ ነው" ተባባሉ። እኔም ሙቀቱ ነው አልኩ። ቁጥሩ ያው ከሆነ አልተቀየረም። ወጣት ሳለሁ በዚህች ቃል ተማምኜ አድሬ ተነስቻለሁ፤ ባሌንም ያጣሁት ይህችኑ ቃል ይዤ ነው።

እኔ እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የምላት። ልጄ "አዳማ በይ እንጂ እማዬ" ትለኛለች፤ እሺ እላታለሁ፣ ተመልሼ ናዝሬት እላለሁ። ያን ጊዜ እንዲህ አልተንጣለለችም። ከባቡር ጣቢያው እስከ ፖስታ ቤቱ በጋሪ ለመሄድ ስሙኒ ይበዛ ነበር፤ የጋሪው ፈረስ አንገት ላይ ያለው ቃጭል ከሩቅ ሲሰማ ማን እንደሚመጣ እናውቃለን። አጥር ሁሉ በቀይና በነጭ ቡጋንቪላ የተሸፈነ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በወንጂ በኩል ሲዞር የፋብሪካው የሞላሰስ ሽታ ከተማውን ይሞላዋል፤ እኛ ግን ስኳሩን በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ተሰልፈን በራሽን ነበር የምንወስደው። ሹማምንቱ ሳፋሪ ይለብሳሉ፣ ካድሬዎቹ ካኪ፤ እኛ የቢሮ ሴቶች ደግሞ ከጉልበት ዝቅ ያለ ጉርድ ቀሚስና ከሱቅ ሁላችንም የገዛነው አንድ ዓይነት ሹራብ። ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ጠዋት ማርሽ ያሰማል። ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ግራ ቀኙን አይቶ የፍቅር ዘፈን ያስገባል፤ ያኔ መንገደኛው ሁሉ ሳያውቀው እርምጃውን ቀነስ ያደርጋል። ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን ብዙ አይቆይም፤ ያው ድምፅ ማጉያ ሌላ ቀን የታሰሩ ሰዎች ስም ሲያነብ ሰምቼዋለሁ።

የምሠራው ጥጥና ፍራፍሬ በሚያመርት የመንግሥት እርሻ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ዋናው ቢሮ ናዝሬት ሲሆን እርሻዎቹ በስምጥ ሸለቆው ተበትነዋል። እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ፋይል ሁለት ነው፤ አንዱ እኛ ጋ፣ አንዱ እሱ በሚሠራበት እርሻ። ወረቀት ሲገባ ቀኝ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የገጽ ቁጥር ይጻፍበታል። እርሻ ላይ የገባ ወረቀት ቅጂው ወደ እኛ መላክ ነበረበት፤ እየቆየ ግን ቅጂው መዘግየት፣ ኋላም ጨርሶ መቅረት ጀመረ። አንድ ጊዜ ለአንድ ዘበኛ የእድገት ደብዳቤ ጽፈን ላክን። ደብዳቤው "ተቀባዩ የለም" ተብሎ ተመለሰ። ሰውዬው ከተወሰደ ቆይቷል። እኛ ጋ ያለው ፋይል "ታታሪ ሠራተኛ" ይላል፤ እዚያ ያለው ሌላ ነገር ይላል።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሼ በዳሳ ይባሉ ነበር። የአርሲ ደራ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ፣ ሲናደዱ ብቻ ኦሮምኛቸው የሚቀድማቸው። ያን የተመለሰ ደብዳቤ ጠረጴዛቸው ላይ አድርገው ሲያዩት ዋሉ። "ወይንሸት" አሉኝ በመጨረሻ፣ "ሁለት ቦታ ያለ ፋይል ሁለት ምላስ ነው። እኛ ጋ ያለው የሚናገረውን እናውቃለን። ያኛው ምን እንደሚል ሳናውቅ መተኛት የለብንም።"

ያን ጊዜ ከእርሻዎቹ ጋር የምንገናኘው በሬዲዮ ነበር። ጠዋት ጠዋት የዝናቡን፣ የጥጡን፣ የነዳጁን ወሬ ይለዋወጣሉ። ጋሼ በዳሳ ከሥራ አስኪያጁ አስፈቅደው ለመዝገብ ቤት ትንሽ ጊዜ ወሰዱ። የእርሻው መዝገብ ቤት ሠራተኛ አዲስ ወረቀት የገባበትን ፋይል የመጨረሻ ገጽ ቁጥር ታነብልናለች፤ እኛ ከእኛው ጋር እናስተያያለን። ቁጥሩ ከበለጠ ያላየነው ወረቀት ገብቷል ማለት ነው።

ከወለንጪቲ ወዲያ፣ አዋሽ ዳር ካለው እርሻ የምታነብልን ሴት አያንቱ ትባላለች። በድምፅ እንጂ በአካል አንተዋወቅም ነበር። "አካም ቡልቴ፣ ወይኔ?" ብላ እንዴት አደርሽ ስትለኝ ቀኔ ይጀምራል። ድምፅዋ ወፍራም ስለነበር ግዙፍ ሴት አድርጌ ነበር የምስላት። ባሌ ታደሰም እዚያው እርሻ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበር፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሰኞ ንጋት ይሄዳል። ስለ አያንቱ ስጠይቀው "ሰው ናት" ይለኛል። ታደሰ ሰውን ሲያመሰግን ከዚያ በላይ አይናገርም።

ከዚያ እርሻው አዲስ አስተዳዳሪ መጣበት። ሰውዬው አያንቱን ጠርቶ፣ እኔ ካላዘዝኩሽ ምንም ነገር በሬዲዮ እንዳታስታውቂ አላት። እሷም ማንበብ አቆመች። ጋሼ በዳሳ ይህን ሲሰሙ ትንሽ አሰቡና፣ "አታስታውቂ አላት እንጂ ስትጠየቂ አትመልሺ አላላትም። ስለዚህ እኛ እንጠይቃታለን" አሉ። እንደዚያ ጀመርን። ግን መጠየቅም መከራ አለው። ቶሎ ቶሎ ብጠይቅ ይጠረጥሩናል፤ ዘግይቼ ብጠይቅ ይቀድሙናል። ሬዲዮው ክፍት ነው፤ ሁሉም እርሻ ይሰማል። የምፈራለትን ሰው ብቻ እንዳልጠይቅ ከማልፈራላቸው ጋር እየቀላቀልኩ ስም እጠራለሁ፣ አያንቱ ቁጥር ትመልሳለች። በዚያ ግቢ ሰው የሚያዘው ወረቀት ከቀደመው በኋላ ነበር፤ መጀመሪያ ክሱ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ መኪናው ቀናት ቆይቶ ይመጣል። እኛ የምንሻማው ያችን መሐል ያለች ጊዜ ነበር። ግዛው የሚባለው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የተረፈው እንዲህ ነው። ቁጥሩ እኛ ሳናውቅ ከፍ ብሎ አገኘነው። ጋሼ በዳሳ በጭነት መኪና ሹፌር በኩል "እናትህ ታመዋል" የሚል መልእክት ላኩበት። እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ግዛው ገባውና በአርሲ በኩል ተሰወረ። መኪናው ሲመጣ ባዶ አልጋ አገኘ።

የታደሰ ነገር የመጣው ጥጡ አበባ በያዘበት ወቅት ነው። ትልቁ ፓምፕ ቆመ። አስተዳዳሪው ሠራተኛውን ሰብስቦ "ማነው ያበላሸው?" አለ። ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ ታደሰ ተነስቶ፣ "ማንም አላበላሸውም። ጎሚኒው አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛልኝ ብዬ ደጋግሜ ጽፌአለሁ። ጎማ ነው፤ ያረጃል" አለ። አስተዳዳሪው "ይህ አሻጥር ነው" አለ። ማን እንዳሻጠረ አልተናገረም፤ ስብሰባው ተበተነ። ይህን ታደሰ ራሱ ቅዳሜ ማታ እግሩን እየታጠበ ነገረኝ። የሰው ወሬ እንደሚያወራ ነበር የሚያወራው።

"ምን አናገረህ?" አልኩት።

"ሌላው ምን ይበል ታዲያ? ፓምፑን የማውቀው እኔ ነኝ።" ቀና ብሎ አየኝ። "ቁጥሩስ?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"እናንተ ጋስ?"

"እኛም ጋ አሥራ ዘጠኝ ነው።"

"እንግዲያው ዝም ብሎ ሲጮህ ነው" አለ፣ እግሩንም አደረቀ።

በማግስቱ ሶደሬ ሄድን። ነፍሰ ጡር ነበርኩና ፍል ውሃው ውስጥ እግሬን ብቻ ነከርኩ። ጦጣዎቹ ሙዛችንን ነጥቀው ዛፍ ላይ ወጡ፤ ታደሰ ድንጋይ ሊወረውር አነሳና ራርቶ መልሶ ጣለው። ውሃው ላይ በጀርባው ተንሳፍፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮው ውሃ ውስጥ ስለሆነ የምለውን ሳይሰማ "እ? እ?" ይለኝ ነበር። ስንመለስ ጠረኑ የድኝ ውሃ ጠረን ነበር። ሰኞ ንጋት ሄደ።

በየጠዋቱ ጠየቅሁ። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኝ። እያንዳንዷ ጠዋት ስታልፍ ሆዴን እየዳበስኩ አመሰግናለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ስሞች ጠርቼ የእሱ ላይ ስደርስ አያንቱ ዘገየች።

"አሥራ ዘጠኝ ነው" አለች። "ግን ነጭ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ሌሎቹ ቢጫ ናቸው፣ ወይኔ። ሙቀቱ አበላሽቷቸዋል። አሥራ ዘጠኙ ነጭ ነው።"

እኔ አልገባኝም። ጋሼ በዳሳ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ተነሱ። ከመደርደሪያው የታደሰን ፋይል አውጥተው አሥራ ዘጠነኛውን ገጽ ገለጡት። የዓመት ፈቃድ ወረቀት ነው፤ ቢጫ፣ ጥጉ ላይ የስፒል ዝገት ያለበት። "የመጀመሪያውን መስመር ታንብብልሽ" አሉኝ። ጠየቅኋት። ስለ ነዳጅ ሲነዛነዙ የነበሩት የሌላ እርሻ ሰዎች እንኳ ወሬያቸውን አቁመው አዳመጡ። አያንቱ እያንዳንዱን ቃል ለይታ አነበበች። "የተባለው ሠራተኛ ሆን ብሎ ውሃው እንዲቋረጥ በማድረግ..." ከዚያ ከኋላዋ የወንድ ድምፅ ተሰማ፣ ወንበር ወደቀ፣ ሬዲዮው ተንሿሿና ጠፋ።

አስተዳዳሪው ገብቶት ነበር። ግዛው ካመለጠ በኋላ በምን እንዳወቅን ደርሶበታል። ስለዚህ ወረቀት አልጨመረም፤ አንዱን አውጥቶ በቦታው ሌላ ከተተ፣ በቀይ እስክሪብቶም አሥራ ዘጠኝ ብሎ ጻፈበት። ስንት ጠዋት ያንን ቁጥር ሰምቼ እንደተደሰትኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

"ሂጂ" አሉኝ ጋሼ በዳሳ። ቦርሳዬን እንኳ ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። አውቶቡስ ተራ ደርሼ እስኪሞላ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ረዳቱ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እያለ ይጮሃል። ወለንጪቲ ኬላ ላይ አስወርደው ፈተሹን። ዶሮ የያዘች ሴትዮ ዶሮዋን ስታስፈትሽ ሰው ሳቀ፤ እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል፤ የሰው ፊት ነገር አይታወቅም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሜዳ ዛሬም በመኪና ሳልፍ አላየውም፤ ግራርና ጥቁር ድንጋይ፣ ግራርና ጥቁር ድንጋይ ነው። እርሻው ስደርስ ዘበኛው እያወቀኝ እንዳላወቀኝ ሆነ። አልከለከለኝም፤ ፊቱን አዞረልኝ፣ አለፍኩ። ፓምፑ ይሠራ ነበር። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፤ ታደሰ እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ ቧንቧው ላይ ተሰጥቷል። አረም የሚነቅል አንድ ሽማግሌ ቀና ሳይል፣ "ጠዋት ነው፣ ልጄ። ፓምፑን እስኪያስነሳ ጠበቁት፤ ሲያስነሳ ወሰዱት" አለኝ። ሰዓቱን ሳሰላው፣ አያንቱ ያንን መስመር ስታነብልኝ እሱ መኪና ላይ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች መዝገብ ቤት መጡ። "የፋይል ምስጢር በሬዲዮ ያስነበበው ማነው?" አሉ። የጠየቀው ድምፅ የሴት መሆኑን ሀገር ሰምቷል። አፌን ልከፍት ስል ጋሼ በዳሳ ተነሱ። "እኔ ነኝ ያስጠየቅኩት። የእኔ ትእዛዝ ነው፤ እሷ አፍ ብቻ ናት" አሉ። ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አንስተው፣ አቧራውን አራግፈው ለብሰው ሄዱ። ከወራት በኋላ ሲለቀቁ ከሥራ ተሰናብተው ደራ ገቡ። ሁለት ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጃለሁ። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ የሚያሳዩኝ የተከሉትን ሎሚ ነበር። እዚያው አረፉ።

ታደሰን ያሰሩት ናዝሬት፣ ከከተማው ዳር ያለ ግቢ ውስጥ መሆኑን ሰው ነገረኝ። ምሳ ዕቃ ይዤ መመላለስ ጀመርኩ። በሩ ላይ ስም ይጠይቃሉ፣ ስም እናገራለሁ፣ ምግቡን ይቀበላሉ፣ የትናንቱን ባዶ ዕቃ ይመልሳሉ። ሰው ማየት የለም፣ ወረቀት የለም። ልብስም አያወጡም፤ እዚያው ውስጥ ነው የሚታጠበው ይላሉ። ዕቃው ባዶ ከመጣ ሰውሽ አለ ማለት ነው ብለው ቀደም ያሉት ሴቶች አስተማሩኝ። ታደሰ ቃሪያ አይወድም። እኔ ግን መኖሩን ላረጋግጥ ብዬ ከወጡ ጎን ቃሪያ አደርግ ነበር፤ ቃሪያው ሳይነካ ሲመለስ የሱን እጅ የያዝኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። ልጄን ወለድኩ፤ በአራስነቴ እናቴ ተመላለሰችልኝ። ስነሳ ዕቃው ቃሪያውም ተበልቶ ነበር የሚመጣው። "እይ እንግዲህ" አልኳት እናቴን፣ "ረሃብ ቃሪያ አስተማረው።" ሳቅን። እናቴ ዝም ያለችው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ዝምታዋን ከድካሟ ቆጠርኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጄን በረንዳ ላይ ሳጥብ አጥሩ ሥር ሰው ቆመ። አጭር፣ ከሲታ፣ ፀጉሯ የተላጨ ሴት ናት። ለማኝ መስላኝ "እግዜር ይስጥሽ" ልላት ስል፣ "አካም ኦልቴ፣ ወይኔ?" አለችኝ። ያ ወፍራም ድምፅ ከዚያች ትንሽ ደረት ሲወጣ ልጄን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አያንቱ ናት። ያን ጠዋት ከሬዲዮው ላይ አንስተው ታደሰ የታሰረበት ግቢ፣ በሴቶቹ በኩል አስገብተዋት ነበር፤ የተፈታችው ያን ቀን ጠዋት ነው። ቤቷ ከመሄዷ በፊት እኔን ፈልጋ መጣች። አቅፌያት ብዙ አለቀስን። ከዚያ ውሃ ጠጥታ፣ ልጄን ስታይ ቆይታ ተናገረች።

"ወይኔ፣ ታደሰ የለም።"

"የት ወሰዱት?"

"የለም ነው የምልሽ። ክረምቱ ሳይገባ ነው። የእሱንና የሌሎች ወንዶችን ስም ሲጠሩ በግድግዳው በኩል ሰምተናል። ከዚያ የተመለሰ የለም።"

ክረምቱ አልቆ አደይ አበባ ወጥቷል። "ትናንት ዕቃው ባዶ መጥቷል እኮ" አልኳት። እንደምትሳሳት ላስረዳት ነበር የፈለግሁት። "በየቀኑ ባዶ ነው የሚመጣው። ቃሪያው ሁሉ..." አልኩና ሳልጨርሰው ቀረሁ። አያንቱ መሬት አየች። ሲበላ የከረመው በረኛው ይሁን ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ልጄን ከእጄ ወሰደች።

አያንቱ ያን ቀን እኛ ዘንድ አደረች፤ እየደጋገመች የምታነሳው ከእሷ ጋር ስለታሰረች ሴት ነበር። ብርቄ ትባላለች፣ ከሩቅ አገር የመጣች የሸንኮራ ቆራጭ ሚስት ናት፣ ናዝሬት ውስጥ የሚጠይቃት ሰው የላትም። የሌሎቹ ምግብ ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛ ነበር አለችኝ። ሴቶቹ ያካፍሏታል፤ እሷ ግን ስሟ ተጠርቶ አያውቅም።

ጠዋት ተነስቼ እንደ ልማዴ ወጥ ሠራሁ። እናቴ ምድጃው ላይ ስታየኝ "ወዴት ነው?" ብላ አልጠየቀችኝም። ጥቁር ለብሼ ምሳ ዕቃውን ይዤ ሄድኩ። ሰልፉ እንደ ወትሮው ነው። በረኛው የለመደኝ ነበርና ቀና ሳይል እጁን ለባዶ ዕቃው ወደ ኋላ ልኮ፣ "ለታደሰ አይደል?" አለኝ። ያን ጊዜ ልብሴን አየ። ዕቃውን አንጠልጥሎ ቀረ።

"አይደለም" አልኩት። "ለብርቄ በልልኝ። ጮክ ብለህ ጥራት።"